ፉሺሚ፣ ሚያጂማ፣ ኢሴ ወይስ ኒኮ? የጃፓንን ጥንታዊ የሺንቶ መቅደስ ከነከተማው ለመምረጥ

ጃፓን ሄዶ ቢያንስ አንድ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) መቅደስ ሳይረግጥ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው የቱን የሚለው ነው። በአገሩ 80,000 ገደማ መቅደሶች አሉ፤ ስልክ ላይ ሲታዩ ደግሞ ሁሉም ቀይ በርና ረጃጅም ዛፍ ናቸው። ፎቶ አይቶ የመረጠ ሰው ረፋዱ ላይ ይደርስና ፎቶው ውስጥ ያልነበረውን ሕዝብ ያገኛል።

እዚህ የማነጻጽረው ስድስቱን ነው፤ ኪዮቶ ያለውን ፉሺሚ ኢናሪ፣ ናራ ያለውን ካሱጋ ታይሻ፣ ከሂሮሺማ አጠገብ ሚያጂማ ደሴት ላይ ያለውን ኢትሱኩሺማ፣ ኢሴ ከተማ ያለውን ኢሴ ጂንጉ፣ ከቶኪዮ በስተሰሜን ኒኮ ያለውን ቶሾጉ፣ እና በጃፓን ባሕር በኩል ያለውን ኢዙሞ ታይሻ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ከስድስቱ መጥፎ የሚባል የለም። ልዩነቱን የሚያመጣው በሩ ላይ የምትደርሱበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ የት እንዳደራችሁ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ስለ መቅደሶቹ የሚያወራውን ያህል ስለ ከተሞቹም ያወራል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የጻፍኩት፤ በር ላይ 5:00 ተብሎ የሚነበበው እዚህ ንጋት 11 ሰዓት ነው። ይህን ያምታታ ሰው ስድስት ሰዓት አርፍዶ ይደርሳል።)

## በምን እንመዝን?

መጀመሪያ የማየው ማደሪያውን ነው። መቅደሱ አጠገብ፣ ወይም በግማሽ ሰዓት ርቀት ውስጥ፣ አቅም የሚፈቅደው አልጋ አለ ወይ? ደርሶ መልስ የሚመጡት ቡድኖች የሚተራመሱት በአብዛኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እዚያው ያደረ ሰው ድርሻ ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ። ይህን ስል የመግቢያውን ማለቴ አይደለም፤ ፉሺሚ፣ ኢሴና ኢዙሞ ጭራሽ አያስከፍሉም፣ የካሱጋም ግቢ ነፃ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ባቡሩ ነው። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር ማለት ነው፣ አንድ ጉዞ ወደ 14,000 የን ይወስዳል። ቀደም ሲል «የጄአርን ማለፊያ ግዙና ተገላገሉ» ይባል ነበር፤ ጄአር የአገሩ ዋና የባቡር ድርጅቶች ስብስብ ነው፣ ማለፊያውም በባቡሮቻቸው ለተወሰነ ቀን የሚያስኬድ ትኬት። የሰባት ቀኑ ማለፊያ ግን በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘለለ። አሁን ከቶኪዮ ሂሮሺማ ድረስ ደርሶ መልስ እንኳ ለብቻው ዋጋውን አይመልስም። ድሮ የሄደ ዘመድ ቢመክራችሁም ሳታሰሉ አትግዙ።

ሦስተኛ፣ በዓይን የሚታየው ነገር። ይህ የዋዛ አይደለም፤ ከስድስቱ በታላቁ፣ በኢሴ፣ ዋናው ሕንጻ በአጥር ተከልሎ ነው ያለው። አራተኛ እግር፦ ደረጃ፣ ጠጠርና ዳገት። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ከሁሉም ይቀድማል።

የመጨረሻው ምግብ ነው። ብዙ መመሪያ የሚዘለው ይህንን ነው፤ ለእኛ ሰው ግን ቀኑን ያበላሻል ወይም ያቃናል። ቼሪ የሚያብብበት ወቅት፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ አትክልት የሚመስለው ሁሉ የጾም አይደለም። ሾርባው፣ የኑድሉ መረቅ፣ አንዳንዴ የተቀቀለው ቶፉ ሳይቀር ዳሺ በሚባል መረቅ ይሠራል፤ ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ነው። ዓሣ በጾም የሚበላ አይቸገርም። የማይበላ ግን የቡድሂስት መነኮሳትን የአመጋገብ ሥርዓት የተከተለውን፣ ሾጂን ርዮሪ የሚባለውን ይፈልግ፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም። አሳማ የማይበላ ሰውም ማጣራት አለበት፤ አንዱን ሂሮሺማ ስንደርስ እናየዋለን።

## ፉሺሚ ኢናሪ፣ ኪዮቶ

በመድረስ ቅለት የሚወዳደረው የለም። ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መስመር በሁሉም ጣቢያ በሚቆመው ባቡር ሁለተኛው ማቆሚያ ኢናሪ ነው፤ አምስት ደቂቃ። ፈጣኑን ከተሳፈራችሁ አልፏችሁ ይሄዳል። ከጣቢያው ስትወጡ በሩ ፊት ለፊታችሁ ነው።

መቅደሱ የተመሠረተው በ711 ሲሆን ኢናሪ የሩዝና የንግድ አምላክ ነው። በተራራው መንገድ ላይ የተደረደሩት 10,000 ገደማ ቀይ በሮች ከነጋዴዎችና ከድርጅቶች በስለት የተሰጡ ናቸው። ስትወጡ የምታዩት ንጹሕ ቀይ እንጨት ብቻ ነው። ዞር ስትሉ ግን ከእያንዳንዱ ምሰሶ ጀርባ በጥቁር ቀለም የተጻፈ የሰጪው ስምና ቀን አለ፤ የሕንጻ ተቋራጭ፣ የምግብ ቤት፣ የአንድ ግለሰብ። እንጨት ስለሆነ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ይነቀላል፣ ሌላ ሰጪ ይተካዋል። አንዳንዱ ምሰሶ ቀለሙ ተልጦ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ትናንት የተቀባ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። በየቦታው የተቀመጡት የድንጋይ ቀበሮዎች የአምላኩ መልእክተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአፋቸው የጎተራ ቁልፍ ይዘዋል።

በሩ አይዘጋም፤ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ይህ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው ነገር ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው በሮቹን ባዶ ያገኛቸዋል፤ 4 ሰዓት ላይ የደረሰ የሰው ጀርባ ያያል። አርፍዳችሁም ከሆነ መላ አለው፤ አብዛኛው ጎብኚ ዝነኞቹን መንትያ መተላለፊያዎች ፎቶ አንስቶ ይመለሳልና ወደ ላይ ቀጥሉ። ዮትሱትሱጂ የሚባለው መስቀለኛ፣ ኪዮቶ ከታች የምትታይበት፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ይደረስበታል፤ እዚያ ሲደርስ ሕዝቡ ሳስቷል። 233 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ዞሮ ለመውረድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ጃንዋሪ 1፣ 2 እና 3 ግን አትሞክሩ፤ የአዲስ ዓመት ምእመን በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው።

ከተማዋ ከ794 ጀምሮ ከ1,000 ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች፤ የሚታየው አያልቅም። ጉድለቷም ከዚያው ይመጣል፤ ተጨናንቃለች፣ አልጋ በአበባና በቅጠል ወቅት ይወደዳል። ቀኑን ሙሉ የሚያስኬደው የአውቶቡስ ብቻ ትኬት ቀርቷል፤ ያረጀ መመሪያ አንብቦ የሚጠይቅ ብዙ ነው። አሁን ያለው አውቶቡስንና የምድር ውስጥ ባቡርን አጣምሮ የሚሸጠው ነው። ጊዮን ሠፈር ውስጥም ከ2024 ጀምሮ ለጎብኚ የተዘጉ የግል መተላለፊያዎች አሉ፤ ሰሌዳውን አይቶ የጣሰ 10,000 የን ይጠየቃል። ለጾመኛ ግን ከስድስቱ ከተሞች የምትሻለው ኪዮቶ ናት፤ ሾጂን ርዮሪም የቶፉ ምግብ ቤትም በብዛት አለ።

## ካሱጋ ታይሻ፣ ናራ

አጭር ልሁን፤ ናራ ለብቻዋ የሚመረጥ ጉዞ ከመሆን ይልቅ የኪዮቶ ወይም የኦሳካ ጎረቤት ናት። ከሁለቱም በባቡር በአንድ ሰዓት ውስጥ ትደረሳለች፤ ልዩ ፈጣኑን ካልፈለጋችሁ ትኬቱ ከ1,000 የን በታች ነው።

ካሱጋ በ768 የተመሠረተ ሲሆን የሚታወቀው በ3,000 ገደማ ፋኖሶቹ ነው፤ 2,000 ያህሉ በመንገዱ ዳር የቆሙ፣ ሽበት የወረሳቸው የድንጋይ ፋኖሶች፣ የቀሩት ውስጥ የተንጠለጠሉ የናስ። ሁሉም የሚለኮሱት በፌብሩዋሪ መጀመሪያና በኦገስት አጋማሽ በሚደረገው በዓል ነው። በሌላው ቀን ክፍያ ባለው የውስጥ ክፍል ውስጥ አንድ የጨለመ አዳራሽ አለ፤ ጥቂቶቹ ሁልጊዜ በርተው ይታያሉ። ዝለሉት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለውስጡ መክፈል ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

አጋዘኖቹ የመቅደሱ አምላክ መልእክተኞች ተብለው ስለሚከበሩ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት በመናፈሻው ውስጥ እንደልባቸው ይንጎራደዳሉ። ልጆች ይደሰታሉ። ብስኩት በእጅ ይዞ ማዘግየት ግን መነከስን ያመጣል፤ ስጡና ባዶ እጃችሁን አሳዩአቸው። በዚያው መንገድ ላይ ታላቁ የነሐስ ቡድሃ ያለበት ቶዳይጂ ስላለ በአንድ ግማሽ ቀን ሁለቱም ይጠናቀቃሉ።

## ኢትሱኩሺማ፣ ሚያጂማና ሂሮሺማ

ባሕር ውስጥ የቆመው ቀይ በር ይህ ነው። ከኪዮቶ ሂሮሺማ በፈጣኑ ባቡር ወደ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ከሂሮሺማ ሚያጂማጉቺ በተራ ባቡር ከግማሽ ሰዓት ያነሰ፣ ከዚያ በጀልባ 10 ደቂቃ። ለደሴቲቱ 100 የን የጎብኚ ግብር አለ፤ መቅደሱ ራሱ 300 የን ያስከፍላል።

የአሁኑ በር በ1875 የቆመ ሲሆን 16 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ምሰሶዎቹ የካምፎር ዛፍ ግንዶች ናቸው። እግሩ ባሕሩ ወለል ውስጥ አልተቀበረም፤ በክብደቱ ብቻ ነው የቆመው፣ ከላይ ያለው አግዳሚም ውስጡ በድንጋይ ተሞልቷል። መቅደሱን ዛሬ ባለው መልኩ በ1168 ያስፋፋው ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የሚባል የጦር መኳንንት ነው። ውስጡ ገብታችሁ እግራችሁ ሥር ተመልከቱ፤ የመተላለፊያው ጣውላዎች ሆን ተብሎ ክፍተት ተትቶላቸዋል፤ ማዕበል ሲነሳ ውኃው በመካከላቸው ወደ ላይ ወጥቶ እንዲተነፍስ፣ ወለሉን ገንጥሎ እንዳይሄድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚህ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ውኃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። የውኃው መጠን ከ250 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ መቅደሱና በሩ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ከ100 በታች ሲወርድ እስከ በሩ ሥር በእግር ይኬዳል። በመካከሉ የደረሰ ሰው የሚያየው ጭቃና ግማሽ ውኃ ነው፤ «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው የሚመለሱት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። የቀኑ ሰንጠረዥ አስቀድሞ ስለሚታተም ባቡር ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን እዩ። ሙሉውንም ጎዶሎውንም ለማየት በመካከላቸው ስድስት ሰዓት ገደማ ስላለ፣ ወይ ቀኑን ሙሉ መቆየት ወይ ማደር ነው።

ማደር እውነተኛው ምርጫ ነው። አመሻሹ ላይ ጀልባው የቀን እንግዳውን ጭኖ ሲሄድ ደሴቲቱ የአጋዘኖቹና የአዳሪዎቹ ትሆናለች፤ በሩም ማታ ብርሃን ይበራለታል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ እራትና ቁርስ የሚጨምሩት ባህላዊ ማደሪያዎች ርካሽ አይደሉም፣ ቁጥራቸውም ውስን ነው። አቅም ካጠረ ከጀልባው ማዶ ሚያጂማጉቺ ወይም ሂሮሺማ ማደርና በመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች መሻገር ይቻላል። መቅደሱ ጠዋት 12:30 ይከፈታል።

ከተማዋ ሂሮሺማ ናት፤ ይህ ምርጫውን ያከብደዋል። ኦገስት 6 ቀን 1945 የአቶም ቦምብ የወደቀባት ከተማ የሰላም ሙዚየም መግቢያው 200 የን ብቻ ነው። ሙዚየሙንና ደሴቲቱን በአንድ ቀን የሚያጣብቅ ዕቅድ አያለሁ፤ አልወደውም። የተቃጠለ የልጅ ልብስ አይቶ ወጥቶ በሁለተኛው ሰዓት ፎቶ ለመነሳት መሰለፍ ለሁለቱም አይመጥንም። ለሁለት ቀን ክፈሉት። ምግቡን በተመለከተ፣ የከተማዋ መለያ የሆነው ኦኮኖሚያኪ፣ ጎመንና ኑድል ተደራርበው በምጣድ የሚጋገሩበት፣ ውስጡ በተለምዶ የአሳማ ሥጋ አለ። ሳይገባበት እንዲሠራ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ምጣዱ ግን የጋራ ነው።

## ኢሴ ጂንጉ፣ ኢሴ

ለጃፓናውያን ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነው፤ ለፎቶ ፈላጊ ደግሞ ከሁሉም የሚያሳዝነው። ኢሴ አንድ ሕንጻ አይደለም፤ 125 መቅደሶች በአንድ ስም የሚጠሩበት ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ የፀሐይ አምላክ አማተራሱ ያለችበት ናይኩ፣ ማለትም የውስጡ፣ እና የምግብ አምላክ ቶዮኡኬ ያለችበት ጌኩ፣ የውጪው። ወጉ ከጌኩ ጀምሮ ወደ ናይኩ መሄድ ነው፤ ጌኩ ከኢሴሺ ጣቢያ በእግር የሚደረስ ሲሆን ናይኩ ግን በኪሎ ሜትሮች ስለሚርቅ አውቶቡስ ይዞ ነው።

ከ690 ጀምሮ በየ20 ዓመቱ ዋናው ሕንጻ ከጎኑ ባለው ባዶ መሬት ላይ እንደ አዲስ ይሠራል፤ አሮጌው ይፈርሳል። በጦርነት ዘመን የተቋረጠበት ጊዜ ነበር፤ ሆኖም 62ኛው በ2013 ተፈጽሟል፣ ቀጣዩ በ2033 ነው፣ የዝግጅቱ ሥነ ሥርዓት ከ2025 ጀምሮ ተጀምሯል። አናጢው ልጅ ሳለ ያየውን በጎልማሳነቱ ይሠራዋል፣ በእርጅናው ያስተምረዋል። የፈረሰው እንጨትም አይጣልም፤ ናይኩ ስትገቡ በኡጂ ድልድይ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት በሮች ከቀድሞዎቹ ዋና ሕንጻዎች ምሰሶዎች የተሠሩ ናቸው።

የምታዩት ምንድን ነው? ሰማይ ጠቀስ ጥንታዊ ዛፎች፣ የኢሱዙ ወንዝ፣ ምእመናን ጎንበስ ብለው እጃቸውን የሚታጠቡበት ዳርቻ፣ ጠጠር የተነጠፈበት ሰፊ መንገድ፣ ከዚያ የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው በላይ በር፣ በሩ ላይ ነጭ መጋረጃ። ከዚያ ወዲያ ተራ ሰው አያልፍም፤ ከደረጃው ሥር ጀምሮም ፎቶ ክልክል ነው። ነፋስ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርገው ከውስጥ ያለው ግቢ ጥቂት ይታያል፤ ይኸው ነው። መቅደስ ማለት መጋረጃ ያለው መሆኑን ከቤቱ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የሚደንቅ አይደለም፤ እንዲያውም ከስድስቱ የቱ ለእኛ ሰው ቅርብ ነው ብትሉኝ ኢሴ እላለሁ። ገንዘብ ከፍሎ የሚታይ ነገር የሚጠብቅ ግን ኒኮ ይሂድ።

በሩ ንጋት 11 ሰዓት ይከፈታል፤ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ኢሴ ያደረ ሰው ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ሳይነሳ ናይኩ መድረስ ይችላል፤ አካፉኩ የሚባለው ከ1707 ጀምሮ ያለ የጣፋጭ ቤት ዋናው ሱቁ በዚያው ሰዓት ይከፍታል። የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ የሩዝ ሊጥ በጣፈጠ ቀይ የአደንጓሬ ዓይነት ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የጣት ፈለግ የሚመስሉ ሦስት መስመሮች። መስመሮቹ የኢሱዙ ወንዝ ፍሰት ናቸው ይባላል። እንቁላልም ቅቤም የለውም፤ ጾመኛ ቡናውን ባያገኝም ቁርሱን ያገኛል። ኢሴ ኡዶን የሚባለው ወፍራም ኑድል ግን መረቁ ዓሣ አለበት።

ጉድለቱ ማታ ነው። ከናይኩ ፊት ያለው የሱቅ ጎዳና ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ ይዘጋጋል፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ጭር ይላል። ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው በባቡር 15 ደቂቃ ገደማ የምትርቀውን ቶባን ይይ፤ ሚኪሞቶ ኮኪቺ በ1893 ዕንቁን በእርባታ ያገኘባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ወደ ኢሴ የሚያመቸው ባቡር ኪንቴትሱ ነው፤ ከናጎያ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከኦሳካ ሁለት ሰዓት የማይሞላ። የጄአር ማለፊያ በዚህ ባቡር አይሠራም።

## ቶሾጉ፣ ኒኮ

ኢሴ የተወውን ሁሉ ኒኮ አድርጎታል። ቶሾጉ በ1616 የሞተው ሾገን (ወታደራዊ ገዥ) ቶኩጋዋ ኢያሱ እንደ አምላክ የሚከበርበት ነው፤ አሁን ያሉትን ሕንጻዎች አብዛኛውን በ1636 ያሠራው የልጅ ልጁ ኢዬሚትሱ ነው። ወርቅ፣ ቀለም፣ ቅርጻ ቅርጽ፤ ዮሜይሞን የሚባለው በር ብቻ ከ500 በላይ ቅርጾች አሉት። ከበሩ ምሰሶዎች አንዱ ሆን ተብሎ ንድፉ ተገልብጦ ነው የተቀረጸው፤ ሥራው ፍጹም ከሆነ መፍረስ ይጀምራል ተብሎ። «ክፉ አላይም፣ አልሰማም፣ አልናገርም» የሚሉት ሦስት ጦጣዎችም እዚሁ ፈረስ ቤቱ ላይ ናቸው፤ ስምንት ሰሌዳ ካለው፣ የሰውን ሕይወት ከልጅነት ጀምሮ ከሚተርከው ቅርጽ አንዱ ናቸው፤ የቀሩትን ሰባት የሚያይ ጥቂት ነው። የተኛችው ድመት ከምታስቡት በጣም ታንሳለች፤ ወደ መቃብሩ የሚወስዱት 207 ደረጃዎች ከመጀመራቸው በፊት በበሩ ላይ ቀና ብላችሁ ፈልጓት።

መግቢያው ከሁሉም ውድ ነው፤ ወደ 1,600 የን። የሚከፈተውም ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ማለዳ መነሳት ከሌሎቹ ያነሰ ይጠቅማል፤ ቢሆንም ከቶኪዮ አሳኩሳ በቶቡ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ኒኮ ያደረ ሰው ከመጀመሪያው አውቶቡስ መንገደኛ ይቀድማል። ሁለተኛውን ቀን 97 ሜትር ለሚወረወረው የኬጎን ፏፏቴና ለቹዜንጂ ሐይቅ ይተው። በኦክቶበር መጨረሻ ቅጠል ሲቀላ ወደ ሐይቁ የሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ በመኪና ይታነቃል፤ በሰኞና ሐሙስ መካከል ካልሆነ አይመከርም። ምግቡ ለጾመኛ መልካም ዜና አለው፤ የኒኮ መለያ ዩባ፣ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላይ የሚረጋው ስስ ሽፋን ነው። መረቁን ብቻ ጠይቁ።

## ኢዙሞ ታይሻ፣ ኢዙሞ

ሩቅ ነው፤ ከኦካያማ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ወይም ከቶኪዮ በአውሮፕላን፣ ወይም ሳንራይዝ ኢዙሞ በሚባለው የሌሊት ባቡር። በምላሹ የውጭ እንግዳ ብዙም አይታይም። አምላኩ ኦኩኒኑሺ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ስለሚባል ትዳር ፈላጊው ጃፓናዊ እዚህ ይመጣል። የአሁኑ ዋና ሕንጻ በ1744 የቆመና 24 ሜትር የሚረዝም ነው፤ ከጎኑ ባለው አዳራሽ ላይ የተሰቀለው የሣር ገመድ 13 ሜትር አልፎ 5 ቶን ይመዝናል። በአብዛኛው መቅደስ ሁለቴ ይጨበጨባል፤ እዚህ አራቴ። በጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ውስጥ፣ የአገሩ አማልክት ሁሉ እዚህ ይሰበሰባሉ ተብሎ ይታመናል፤ ያን ሳምንት ማደሪያ ይጠፋል። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም።

## በአንድ ዓይን

| መቅደስና ከተማ | መንገድ | መግቢያ | የሚከፈተው | እግር | ማደሪያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፉሺሚ ኢናሪ፣ ኪዮቶ | ከኪዮቶ ጣቢያ 5 ደቂቃ | ነፃ | ሁልጊዜ | ታች ቀላል፣ ወደ ላይ ደረጃ | ብዙ፤ በወቅቱ ውድ |
| ካሱጋ፣ ናራ | ከኪዮቶ ወይም ኦሳካ ከ1 ሰዓት በታች | ግቢው ነፃ፣ ውስጡ በክፍያ | 12:30፤ በብርዱ ወራት 1:00 | ለስላሳ ዳገት | ማደር ግዴታ አይደለም |
| ኢትሱኩሺማ፣ ሚያጂማ | ከኪዮቶ 3 ሰዓት ገደማ ከነጀልባው | 300 የን እና 100 ግብር | 12:30 | ሜዳ | ደሴቱ ውድ፣ ሂሮሺማ መካከለኛ |
| ኢሴ ጂንጉ፣ ኢሴ | ከናጎያ 1 ሰዓት ተኩል | ነፃ | ንጋት 11 | ሜዳ ግን ጠጠር | መካከለኛ፤ ማታ ጭር ያለ |
| ቶሾጉ፣ ኒኮ | ከአሳኩሳ 2 ሰዓት | 1,600 የን ገደማ | 3 ሰዓት | ብዙ ደረጃ | መካከለኛ፤ ቅጠል ሲቀላ ውድ |
| ኢዙሞ ታይሻ፣ ኢዙሞ | ከኦካያማ 3 ሰዓት | ነፃ | ማለዳ | ሜዳ | ጥቂት |

## ለማን የቱ?

አንድ ሳምንት ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ኪዮቶ ይደር፤ ፉሺሚን በማለዳ፣ ናራን በሌላ ቀን በግማሽ። ገንዘቡ ጠበብ ያለበት ኦሳካ ቢያድር አልጋው ይቀልለዋል፤ ፉሺሚንም ናራንም ከዚያው ያዳርሳቸዋል፣ የሚከፍለው የአንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሳት ነው። ልጆች ካሉ ናራ ምንም አያከራክርም።

ሽማግሌ ወላጆችን ለያዘ ሚያጂማን አስቀድማለሁ፤ ጀልባው አጭር፣ መንገዱ ሜዳ፣ የሚቀመጡበት ቦታ ብዙ ነው። ኒኮ ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም። ኢሴም ሜዳ ቢሆን ጠጠሩ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለከዘራ ያስቸግራል። ከቶኪዮ መራቅ የማይችል ግን አንድ ሌሊት ያለው ኒኮ፤ በረራ እስኪቀጥል ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለው ደግሞ ሐራጁኩ ጣቢያ አጠገብ ያለውን ሜይጂ ጂንጉ ይይ። በ1920 የተመረቀ ስለሆነ ጥንታዊ አይባልም፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ጫካ ከመላው አገር ከተሰጡ 100,000 ያህል ዛፎች በሰው እጅ የተተከለ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው።

እምነቱን በሚመለከት ብዙ ሰው ይጠይቃል፦ «ገብቼ ካልሰገድኩ ነውር ነው?» አይደለም። መስገድ፣ ማጨብጨብ፣ ሳንቲም መጣል በፈቃድ ነው፤ ቆሞ የሚያይ እንግዳን የሚገፋ የለም። የሚጠበቀው ሌላ ነው፤ የመንገዱ መሐል የአምላኩ ነው ስለሚባል ዳር ዳሩን መሄድ (ኢሴ ውስጥ በጌኩ ግራውን፣ በናይኩ ቀኙን)፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ «ፎቶ ክልክል» የሚለውን ማክበር። ቶሾጉ ዋናው አዳራሽ ጫማ ይወለቃል፤ ይህን ለእኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት የሚጓዝ ለአጭር ጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ማመልከቻው የየቀኑን ውሎና ማደሪያ የሚያሳይ ዕቅድ ይጠይቃል። ስለዚህ ከተማውን መምረጥ ቦሌ ከመድረስ ብዙ ሳምንት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ሚያጂማ ላይ ለማደር ያሰበ፣ ወይም ኒኮን በኦክቶበር መጨረሻ የመረጠ፣ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አልጋ ይያዝ፤ ፉሺሚና ኢሴ ግን መቅደሶቹ ራሳቸው ቦታ ማስያዝ አይጠይቁም፣ ደወል ሞልቶ መተኛት ይበቃል።